ልጁ ደርሷል፤ ወረቀቱ የት ደርሷል?

(ድሬዳዋ ውስጥ ለስፖርት ወዳጆችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።)

በዚህ የድሬ ሙቀት፣ ያውም በበርጫ ሰዓት፣ ምንጣፉንና ጥላውን ትታችሁ ስለመጣችሁ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ «ስለ ቅርጫት ኳስ ይናገራል» ተብላችሁ ነው የመጣችሁት። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ስለ ማኅተም፣ ስለ ፊርማና ስለ «ነገ ተመለስ» ነው።

በስፖርቱ ቋንቋ «ተገቢነት» የሚባል ነገር አለ። ኳስ የምትከታተሉ ሁሉ «የተገቢነት ክስ አስመዘገበ» ሲባል ሰምታችኋል። ይህ ተጫዋች ለዚህ ቡድን መሰለፍ ይገባዋል ወይስ አይገባውም ነው ጥያቄው። ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ መልሱ የዘገየ ዕለት ነው። የመሬት ክርክር ሃያ ዓመት ቢፈጅ መሬቱ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የተጫዋች ጉልበት ግን አይጠብቅም፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ቢበዛ ነው። ከዚያ ላይ ሁለቱን ዓመት በቢሮ ደጃፍ ካስፈጀነው ምኑን ተጫወተው?

አንድ የሰፈራችንን ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፤ እንዳልጠራው ለምኖኛል። የደቻቱ ዳር ልጅ ነው። የተወለደው መስከረም 5 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው። በ1998 ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው ሲወስድ ልጁ ሦስት ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር። እናቱ እሱን በጀርባዋ አዝላ ወጣች። የክትባት ካርዱ፣ የክርስትና ወረቀቱ፣ የአባቱ ፎቶግራፍ ሳይቀር ከሣጥኑ ጋር ሄደ። ሰው ከተረፈ ምን ወረቀት አለ? ያኔ ማንም ስለ ወረቀት አላለቀሰም።

ልጁ አደገ። «አደገ» ስል እንደ እናንተ ልጆች እንዳይመስላችሁ፤ በ16 ዓመቱ የቤታቸውን በር ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባው። ከሰዓት በኋላ ከዚራ አካባቢ ሲጫወት ያዩት አንድ ከአሜሪካ የመጡ የከተማችን ተወላጅ በስልካቸው ቀርጸው ወሰዱት። ያ ቪዲዮ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ አሠልጣኝ ዘንድ ደረሰ። ሚያዝያ 2015 ላይ መልእክት መጣ፦ «ከነሐሴ ጀምሮ እንፈልገዋለን፤ ትምህርቱንም ምግቡንም ማደሪያውንም እንችላለን።»

እናቱ ያን ቀን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ቡና አፈላች። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የተባለው የደረሰው።

የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር፣ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የሚሉት፣ ከውጭ የሚመጣን ተጫዋች ከማሰለፉ በፊት ብዙ ነገር ያጣራል። መቼ ተወለድክ? መቼ ነው 12ኛን የጨረስከው? ምን ምን ትምህርት ወሰድክ? ከጨረስክ በኋላ የት ተጫወትክ? ገንዘብ ተከፍሎህ ያውቃል? እነዚህ ሁሉ በሰነድ ይመለሳሉ። ሰነዱ ከተለያየ ቢሮ ይመጣል። ከሁሉም የሚመጣው ቀን አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ልጃችን የልደት ምስክር ወረቀት አወጣ። አንድ ጸሐፊ፣ ክፋት አስባ አይደለም፣ የልደቱን ቀን በቁጥር 5/1/1996 ብላ ጻፈች። ለእኛ ትክክል ነው። አምስተኛው ቀን፣ አንደኛው ወር፣ 1996። አሜሪካኑ ግን ሲያነበው ሜይ 1996 አለ። መስከረም 5 ቀን 1996 በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 16 ቀን 2003 ነው። በአንድ መሥመር ቁጥር ልጁ በሰባት ዓመት ከአራት ወር አረጀ! የ19 ዓመቱ ልጅ የ27 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ቀረበ። የትምህርት ቤቱ ወረቀት ደግሞ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይሮ በትክክል ጽፎታል። ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ልጅ ማለት ነው። ከአሜሪካ «የትኛው ነው እውነተኛው?» የሚል ጥያቄ መጣ። እኔ ብሆንም እጠይቃለሁ።

ታዲያ ይታረም አይደለም? ይታረም! ልጁ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ስሟን የማልጠራት ኀላፊ «የልደት ቀን በቃል አይታረምም፤ ፍርድ ቤት ሄደህ አስወስን» አለችው። ልክ ነች፣ ሕግ ነው። ነገር ግን ይህን ያለችው ሐምሌ ማለቂያ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ከነሐሴ መባቻ እስከ መስከረም ማብቂያ ዕረፍት ይወጣል። ልጁ የተጠራው ለነሐሴ ነው። ከዚያ በላይ ምን ልጨምር?

የ12ኛ ክፍሉም ነገር አለ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞችን ታስታውሳላችሁ። ፈተናው በክረምት መሰጠቱ ቀርቶ በ2015 መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። ውጤቱ የወጣው ጥር 2015 ነው። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ልጃችን ከእነዚያ ውስጥ ነበር። (ረጅም ሰው ሁሉ ባዶ ጭንቅላት ነው የምትሉ እዚህ ጋ ልብ በሉ።) አሜሪካኑ ግን «በሰኔ መጨረስ የነበረብህን በጥር ስትጨርስ በመካከሉ ምን ስትሠራ ነበር?» ይላል። ለምን ቢባል፣ በእነሱ ደንብ ለብዙ ዓመታት የቆየው አሠራር ይህ ነው፦ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ልጅ የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጠዋል። ያ ካለፈና በተደራጀ ውድድር ሲጫወት ከቆየ፣ ከኮሌጅ የመጫወቻ ዓመቱ ይቀነስበታል። ስለዚህ «መቼ ጨረስክ» የሚለው ለእኛ ተራ ጥያቄ ሲሆን ለእሱ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ነው።

በዚህ መሐል ልጁ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ለአንድ ክለብ ይጫወት ነበር። ክለቡ በወር የትራንስፖርትና የምግብ የምትሆን ትንሽ ገንዘብ ይሰጠው ነበር። ፔሮል ላይ ግን «ደመወዝ» ተብሎ ነው የተጻፈው! ለሒሳብ ሹሙ እንዲቀለው። አሜሪካ ያለው መርማሪ «ደመወዝ» የሚል ቃል ተተርጉሞ ሲያይ ጆሮው ቆመ። «ገንዘቡ የትራንስፖርትና የምግብ ነው» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ከክለቡ ተጠየቀ። አንድ ገጽ! ልጁ ለዚያች ገጽ አርባ ቀን ተመላለሰ። አንድ ቀን ፈራሚው የለም፤ አንድ ቀን ፈራሚው አለ፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። አንድ ቀን ሁለቱም አሉ፣ መብራት የለም። አቦ፣ ይህ ቀልድ አይደለም፤ አብሬው ሄጄ ያየሁት ነው።

አሠልጣኙ ጨዋ ሰው ነበር። ነሐሴ ሲያልፍ «እስከ ጃንዋሪ እጠብቃለሁ» አለ። ፍርድ ቤት ጥቅምት ላይ ተከፈተ፤ ቀጠሮ ተሰጠ፤ ውሳኔው ኅዳር መጨረሻ ላይ ተገኘ። ትርጉሙ፣ ማረጋገጫው፣ ማኅተሙ ሲያልቅ ታኅሣሥ ሆነ። ሁሉም ወረቀት ተሟልቶ በተላከ በዘጠነኛው ቀን ከአሠልጣኙ አጭር መልእክት መጣች፦ ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አሁን «አሜሪካን ብቻ ታመሰግናለህ፣ አገርህን ትሰድባለህ» የሚል አይጠፋም። እንዲያውም አላመሰግንም። እዚያም ቢሮክራሲ አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. ቼክ ዲያሎ የሚባል የማሊ ልጅ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በአገሪቱ ካሉት የዓመቱ ምርጥ ወጣቶች አንዱ ነበር። ማኅበሩ ኒውዮርክ ውስጥ የተማረበትን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጣራለሁ ብሎ አምስት ጨዋታ አስቀመጠው። የቱርኩ ኤነስ ካንተር ደግሞ በ2010 ኬንታኪ ገብቶ በልጅነቱ ከአገሩ ክለብ ከወጪው በላይ 33 ሺህ ዶላር ገደማ ተቀብለሃል ተብሎ አንዲት ይፋዊ ጨዋታ ሳይጫወት በጃንዋሪ 2011 ለዘለቄታው ታገደ። በዚያው ዓመት ኤን.ቢ.ኤ. በሦስተኛ ተራ ቁጥር ወሰደው። ያም ሆኖ ልዩነቱን እዩት፦ ለእነሱ ዩኒቨርሲቲው ጠበቃ አቁሞ፣ ጋዜጣው ጮኾ፣ ደጋፊው ጮኾ ነው የተሟገተላቸው። ለእኛ ልጅ ማን ጮኸ? እናቱ። እሷም ቢሮ በር ላይ።

ሌላም አለ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ ኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በመልኩ ገንዘብ እንዲሠራ ተፈቅዷል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ኮሌጆቹ ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው መክፈል ጀምረዋል። ትናንት «ደመወዝ» የምትል ቃል ያስከለከለችው አገር ዛሬ ራሷ ከፋይ ሆናለች። በተማሪ ቪዛ የገባ የውጭ ልጅ ግን ሥራ የመሥራት መብቱ የተገደበ ስለሆነ ከዚያ ገበታ እንደ ልቡ አይቆርስም። ይህን የምናገረው ልጆቻችሁን የምትልኩ ወላጆች እንድታውቁት ነው። «ሄዶ ሚሊዮን ያመጣል» የሚላችሁን ደላላ በዱላ አባሩት።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ የተጠረጠርነው ያለ ነገር አይደለም። ዕድሜ መቀነስ በእኛ ኳስ ውስጥ የአደባባይ ምሥጢር ነው። ባለ ጢም «ታዳጊ» ያላየ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እጁን ያውጣ! ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የልጆቹን የእጅ አንጓ በኤም.አር.አይ. ማስመርመር የጀመረው እንዲህ ዓይነቱ ነገር በየአገሩ ስለበዛ ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በእኛ አገር በሕግ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሆኖ ሥራው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማለቂያ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለደ የድሬ ልጅ አብዛኛው የልደት ወረቀት የሚያወጣው ሲወለድ ሳይሆን ሲፈለግ ነው። በተፈለገ ጊዜ የወጣ ወረቀት ደግሞ እንደ ተፈለገው ይጻፋል ብሎ ፈረንጅ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የሚያሳዝነው ዕድሜውን ላልዋሸው ልጅ ነው፤ የሌላውን ሰው ውሸት ዕዳ ይከፍላል።

እስካሁን ከድሬ ስለሚሄደው ልጅ ነው ያወራሁት። ወደ ድሬ፣ ወደ አገሩ ልጫወት ብሎ ስለሚመጣውስ?

ፉአድ ኢብራሂምን የማታውቁት ካላችሁ እዚችው ከተማ ነው የተወለደው፣ በ1991 እ.ኤ.አ.። ያደገው ሚኒሶታ ነው። በ2007 ገና 15 ዓመቱ ሳለ ኤፍሲ ዳላስ የሚባለው የአሜሪካ ክለብ ወሰደው፤ በኋላም ለቶሮንቶ ተጫውቷል። ለአሜሪካ ከ17 ዓመትና ከ20 ዓመት በታች ቡድኖች ተሰልፏል። ከዚያ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስታልፍ፣ በ2005 ዓ.ም. ጥር ደቡብ አፍሪካ በሄደው ቡድን ውስጥ ተካተተ። ከስዊድኑ ሲርያንስካ የመጣው ዩሱፍ ሳላህም አብሮት ነበር።

አሁን ዕድሜውን ልብ በሉ። ፊፋ ቀድሞ የነበረው ደንብ «በወጣት ቡድን ለሌላ አገር የተጫወተ ሰው አገር መለወጥ የሚችለው 21 ዓመት ሳይሞላው ነው» የሚል ነበር። የእኛ ጥሪ ለፉአድ የደረሰው 21 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ደንቡ በ2009 ናሳው ላይ በተደረገው የፊፋ ጉባኤ ባይነሣ ኖሮ የድሬዳዋ ልጅ የኢትዮጵያን ማልያ ሊለብስ አይችልም ነበር። ያተረፈን የፊፋ ጉባኤ ነው፤ የእኛ ትጋት አይደለም። እኛማ እንደ ልማዳችን ዘግይተን ነበር።

የፊፋው በር ተከፈተ እንበል። የራሳችን በርስ? ፊፋ «ለአንድ አገር የሚጫወት ሰው የዚያ አገር ቋሚ ዜግነት ይኑረው» ይላል። የእኛው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ አንቀጽ 20 ላይ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል ይላል። መመለስ ቢፈልግ በአንቀጽ 22 መሠረት ኑሮውን ወደ ኢትዮጵያ መልሶ፣ የያዘውን የውጭ ዜግነት ትቶ ማመልከት አለበት። እንግዲህ ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ላለ የ20 ዓመት ልጅ ይህን አስረዱት። «ለሁለት ሳምንት ጨዋታ ና፤ ስትመጣ ግን ፓስፖርትህን ጥለህ፣ ክለብህን ትተህ፣ ኑሮህን ጠቅልለህ ና።» ማን ይመጣል?

«ቢጫ ካርድ አለው አይደለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ በአዋጅ 270/1994 የወጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አለ። በእሱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ቤት ይገዛል፣ ፋብሪካ ይተክላል፣ ሥራ ይሠራል። መንግሥት ዶላሩን ሲፈልግ «ወገኔ» ይለዋል። ማልያ ልልበስ ሲል ግን «የውጭ ዜጋ ነህ» ይባላል። ለገንዘቡ ኢትዮጵያዊ፣ ለእግሩ ፈረንጅ! በስፖርት ሜዳ ቢጫ ካርድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የእኛው ግን ገና ሜዳ ሳይገባ ከውጭ ያስቀረዋል።

ዜግነት ቀላል ነገር ነው፣ ለኳስ ተብሎ ይታደል እያልኩ አይደለም። ጥምር ዜግነት ይፈቀድ አይፈቀድ ትልቅ የአገር ጉዳይ ነው፤ የሚያስፈራቸው ሰዎች ምክንያት አላቸው፣ ይከበራል። ግን ወይ ፍቀዱ፣ ወይ ለብሔራዊ ቡድን የሚሆን ልዩ መንገድ በሕግ አብጁ፣ ወይ ደግሞ «አንፈልግም» በሉና ልጆቹ ቁርጣቸውን ይወቁ። በየሐምሌው መባቻ አካባቢ ሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚያደርጉት ውድድር ላይ ልጆቹ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሰው ሲጫወቱ ያድጋሉ። «አንድ ቀን» እያሉ። ያን «አንድ ቀን» የሚያውቅ ባለሥልጣን እስካሁን አልሰማሁም።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? ሲፋን ሐሰን አዳማ ተወልዳ በ2008 እ.ኤ.አ. በ15 ዓመቷ ስደተኛ ሆና ሆላንድ ገባች። በኖቬምበር 2013 ዜግነት ሰጧት። ከዚያ በኋላ በቶኪዮ ሁለት ወርቅና አንድ ነሐስ፣ በፓሪስ የማራቶን ወርቅ አስቆጠረችላቸው። ዘነበች ቶላ ስዊዘርላንድ ውስጥ ዜግነት ስትጠብቅ ቆይታ ሳይሳካላት ሲቀር ባህሬን ተቀበለቻት፤ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ በ2007 እና በ2009 በ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ስዊሶች ዘገዩ፣ ባህሬኖች ቀደሙ። እንደ እኛ ወርቅ የተረፈው የለም እንጂ፣ በስፖርት ዓለም ፈጥኖ የፈረመ ነው የሚወስደው።

የቆዩት የድሬ ሰዎች፣ እዚህ ከፊት የተቀመጣችሁ ጋሼዎች፣ ሉቺያኖ ቫሳሎን ታስታውሳላችሁ። የጥጥ ፋብሪካውን ቡድን ማልያ ለብሶ በዚህች ከተማ የተጫወተ ነው። አባቱ ጣልያን፣ እናቱ ኤርትራዊት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ስትወስድ አምበሉ እሱ ነበር። እሱም አገባ፣ ወንድሙ ኢታሎም አገባ። ስሙ ጣልያን ነው ብለን ብናስቀረው ኖሮ ዛሬ የምንፎክርበት ዋንጫ አይኖርም ነበር።

ወረቀት ያልተከታተለ ቡድን ምን እንደሚገጥመውም በገዛ ራሳችን አይተነዋል። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ከስምንት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን ስናሸንፍ አገሩ ሁሉ «ብራዚል! ብራዚል!» እያለ አደረ። ጭፈራው ሳያበቃ ፊፋ መጣ፦ ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ መታገድ ሲገባው ቦትስዋና ላይ ተሰልፏል። ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ። ጨዋታው 3 ለ 0 ተሸነፋችሁ ተባለ፣ ሦስት ነጥብ ሄደ። ደግነቱ ጳጉሜን 2 ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን አለፍን እንጂ ያ ሁሉ ላብ በአንድ ያልተነበበ ፋይል ሊቀር ነበር። ጥፋቱ የተጫዋቹ አይደለም። ተጫዋች ግባ ሲሉት ይገባል። ቢጫ መቁጠር የቢሮ ሥራ ነው።

ከተማችን በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አንድ ምድብ አስተናግዳለች፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ዛየርና ሱዳን የተጫወቱት እዚህ ነው። ለእንግዳ ተጫዋች ወረቀት ማዘጋጀት ያን ጊዜ የቻለች ከተማ ለገዛ ልጇ ማዘጋጀት አያቅታትም። ይህ ደግሞ በጀት አይጠይቅም። አንድ ልጅ በ13 በ14 ዓመቱ ለታዳጊ ቡድን ሲመዘገብ አብሮ ፋይል ይከፈትለት፤ የልደት ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የወሩ ስም በፊደል እንጂ በቁጥር ሳይሆን ይጻፍ። ክለብ ለልጅ የሚሰጠውን ገንዘብ በትክክለኛ ስሙ ይጥራው። ሰነድ የጠየቀ ስፖርተኛ «ነገ» ሳይባል ቀን ተቆርጦለት ይሸኝ፤ ቀኑ ካለፈ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው ይኑር። ወላጆችም፣ ስሚ እማማ፣ ልጅሽ ጫማ ጠበበኝ ማለት ሲያበዛ ኳሱን ብቻ አይደለም ወረቀቱንም አስቢ።

ያ ልጅ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም ብያለሁ፣ አትዙሩ፤ ቁመቱ ያስታውቀዋል። አሁን 22 ዓመት አልፎታል። ጠዋት ባጃጅ ይነዳል፣ ከሰዓት በኋላ ትንንሾቹን ያሠለጥናል። ከዚህ በፊት ቤቱ ሄጄ ያን ፋይል አሳየኝ ብለው በሁለት ላስቲክ ጠቅልሎ ከቆጥ ላይ አወረደው። «ለምን ከላይ?» አልኩት። «ደቻቱ ደግሞ ከመጣ» አለኝ። ያሠለጥናቸው ከነበሩት ልጆች የሦስቱ የልደት ወረቀትም እዚያው ውስጥ አለ፤ እሱ ራሱ ከእናቶቻቸው ጋር እየሄደ ያወጣላቸው ነው።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። የቢሮ ሰዎች ካላችሁ እናንተ ቅደሙ።